ብረትና አንደበት
ስለ ጠመንጃ ሥራ፣ ስለ ንግግር ነፃነትና ስለ ሕግ የቀረበ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እግዚአብሔር አምላካችን ሰውን በአርአያውና በአምሳሉ በፈጠረው ጊዜ ከእንስሳት የሚለይባቸውን ሁለት ስጦታዎች ሰጠው፤ እነዚህም የሚሠራ እጅና የሚናገር አንደበት ናቸው። በእጁ ምድርን ያለማል፤ በአንደበቱ ፈጣሪውን ያመሰግናል፤ ከወንድሙም ጋር ይስማማበታል። ነገር ግን ሰው ከሕግ በወጣ ጊዜ እነዚሁ የክብሩ ምልክቶች የጥፋቱ መሣሪያዎች ይሆናሉ። እጅ ደም ያፈስሳል፤ አንደበትም ደም የሚያፈስሰውን እጅ ያነሣሣል።

በዚህ ዘመን በምዕራብ ጎጃም ምድር፣ ከሊበን እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከደምበጫ እስከ ቡሬና እስከ ወንበርማ፣ ምእመናን ለንስሐ አባቶቻቸው የሚያቀርቡት ጥያቄ በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው። አንዱ፣ «ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ጠመንጃ ሠርቶ ቢሸጥ ኀጢአት ይሆንበታልን?» ይላል። ሌላው፣ «መሣሪያ እንዳንይዝ፣ ያሰብነውንም እንዳንናገር በሕግ ብንወሰን መታዘዝ ይገባናልን?» ይላል። ካህናቱም በበኩላቸው፣ «በእንዲህ ያለው ነገር መናገር ይሻለናል ወይስ ዝም ማለት?» ብለው እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ።

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልመጣም። በአገራችን በ2012 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች ተከታትለው ወጥተዋል። አንደኛው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሲሆን፣ ሁለተኛው የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። የመጀመሪያው እጅን፣ ሁለተኛው አንደበትን ይመለከታል። ሕግ አውጪዎቹ ይህን አስበው ያድርጉት ወይም አያድርጉት፣ ሁለቱ በአንድ ዓመት መውጣታቸው ለሚያስተውል ሰው ትምህርት አለው። እኛም በቅዱሳት መጻሕፍት ሚዛን ልንመዝናቸው እንወዳለን።

1. የብረት ሥራ ጥንተ ነገር

በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 4 ከቃየል ዘር የተወለደ ቱባልቃይን የናስና የብረት ሥራ የሚሠራ እንደ ነበረ ተጽፏል። ቤተ ክርስቲያናችን በቅዱሳት መጻሕፍት ቍጥር ጠብቃ ያቆየችው መጽሐፈ ሄኖክም በምዕራፍ 8 አዛዝኤል ሰይፍንና ጩቤን፣ ጋሻንና የደረት ጥሩርን መሥራት ለሰዎች እንዳስተማራቸው ይነግረናል። ልብ በሉ፤ መጽሐፉ የወደቀውን መልአክ የሚከሰው እርሻና ቤት መሥራት አስተማረ ብሎ አይደለም። ሰው ሰውን የሚገድልበትን ጥበብ ከልኩና ከጊዜው ውጭ ገለጠ ብሎ ነው። ስለዚህ እውቀት ሁሉ በራሱ ንጹሕ ነው፣ የሚጠየቀው የሚሠራበት ብቻ ነው የሚለው አነጋገር በአባቶቻችን ዘንድ ሙሉ ሆኖ አልተቈጠረም። የሚያስተምረውም፣ ለማን እንዳስተማረና ለምን እንዳስተማረ ይጠየቃል።

ነገር ግን በዚህ ቆመን ብረት ሠሪውን ብንኰንን ፍርደ ገምድል እንሆናለን። ማረሻውን፣ ማጭዱንና መጥረቢያውን የሚሠራልን ማን ነው? ካህኑ ሕዝቡን የሚባርክበትን መስቀል፣ ዲያቆኑ የሚያንሿሽውን ጸናጽል የሠራው ማን ነው? ይህን ሁሉ ያደረገውን ባለሙያ ሕዝባችን «ቀጥቃጭ» እያለ ሲንቀው፣ «ቡዳ» እያለ ከማዕዱ ሲያርቀው፣ ልጁንም ለልጁ ሲከለክለው ኖሯል። ይህ ልማድ ከወንጌል ያልተገኘ፣ በክርስቶስ ጥምቀት አንድ የሆነውን ሕዝብ የሚከፋፍል ኀጢአት ነው። አሁን ደግሞ ሌላ ነውር ተጨምሮበታል፤ በቀን ከእርሱ ጋር እንጀራ ለመቍረስ የሚጠየፍ ሰው በሌሊት ወደ ቤቱ ሄዶ ጠመንጃ ሥራልኝ ይለዋል። ለማረሻው ሳንቲም የሚከራከረው ለአፈ ሙዙ ያለ ክርክር ይከፍላል። ሰውን በቀና ሥራው ስናዋርደው ኖረን በክፉ ሥራው ብናከብረው፣ ወደ ክፉው የገፋነው እኛ ራሳችን አይደለንምን?

2. «ብረት ሠሪ በእስራኤል አልተገኘም»ን ስለሚጠቅሱ

መሣሪያ መያዝን የሚደግፉ ወገኖች አንድ ብርቱ ምስክር ያቀርባሉ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በምዕራፍ 13 እንደ ተጻፈው፣ ፍልስጥኤማውያን ዕብራውያን ሰይፍና ጦር እንዳይሠሩ ብለው በእስራኤል ምድር አንድም ብረት ሠሪ እንዳይኖር አድርገው ነበር። ገበሬው ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል ወደ ጠላቱ አገር ይወርድ ነበር። በጦርነቱም ቀን ከሳኦልና ከዮናታን በቀር ሰይፍ የያዘ አልተገኘም። «እንግዲህ መሣሪያን የሚቆጣጠር ሁሉ ሕዝብን ባሪያ ሊያደርግ የሚሻ ነው» ይላሉ።

ይህ ነገር በአገራችን ታሪክም መልክ አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከባሕር ማዶ ጠበብት ሲለምኑ ኖረው፣ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት በሚስዮናውያን እጅ ሴባስቶፖል የተባለችውን መድፍ ያሠሩት መሣሪያን ከሰው ደጅ ከመለመን ለመውጣት ነበር። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ በወረረችን ጊዜም የመንግሥታት ማኅበር አባሎች መሣሪያ እንዳይሸጥ የጣሉት እገዳ የራሱ ፋብሪካ ባለው በወራሪው ላይ ሳይሆን፣ ጥይት ከውጭ በምትገዛው በኢትዮጵያ ላይ ከበደ። አባቶቻችንም ከጠላት በማረኩት መሣሪያ አምስት ዓመት ተጋደሉ። በ1933 ዓ.ም. የጠላት ጦር የቡሬን ምሽግ ለቆ ሲሄድ ያየ የጎጃም ገበሬ፣ ጠመንጃውን እንደ ቤተ ሰቡ አካል ቢወድደው አይደንቅም።

ይህን ሁሉ እናምናለን። ነገር ግን የምንባቡን ፍጻሜ ማየት ይገባል። በሚቀጥለው ምዕራፍ ዮናታን ከጋሻ ጃግሬው ጋር ብቻ ወጥቶ ድል ያደረገው እግዚአብሔር በብዙ ወይም በጥቂት ማዳን አያቅተውም ብሎ በማመኑ እንጂ በመሣሪያ ብዛት አይደለም። ሴባስቶፖልም በብዙ ሺሕ ሰው ጕልበት እስከ መቅደላ አምባ ተጐትታ ወጣች፤ ግን ንጉሠ ነገሥቱን አላዳነቻቸውም። እርሳቸውም በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን በሽጉጥ ሠዉ። ከሁሉም ይልቅ፣ ፍልስጥኤማዊ የከለከለው ዕብራዊ በባዕድ ላይ የሚያነሣውን ሰይፍ ነበር። ዛሬ በየመንደራችን የሚሠራው ጠመንጃ የሚያነጣጥረው በማን ላይ ነው? በወሰን በተጣላ ጎረቤት፣ በሠርግ ቤት በሰከረ ዘመድ፣ ገበያ ውሎ በሚመለስ መንገደኛ፣ በአንድ ቍርባን በተካፈለ ወንድም ላይ አይደለምን? ጎጃምና ሸዋ በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ሜዳ ሲጋጠሙ በሁለቱም ወገን የወደቀው አንድ ጾም የጾመ ክርስቲያን ነበር። የባዕድን ሰይፍ ታሪክ ለወንድም መግደያ መጥቀስ ምስክሩን ማጣመም ነው።

3. የሠሪው ተጠያቂነት

የገጠሩ ሰው በእጅ የሚሠራውን ጠመንጃ «ቆመህ ጠብቀኝ» እያለ ይቀልድበታል፤ አንድ ጊዜ ተኩሶ እስኪጐርስ ድረስ ባላጋራው ቆሞ መጠበቅ አለበት ለማለት ነው። ቀልዱ ያስቃል፤ ነገሩ ግን አያስቅም። ባላጋራ ቆሞ ሳይጠብቅ ሲቀር ተኳሹን ይገድለዋል፤ በቧንቧና በቁርጥራጭ ብረት የተሠራው አፈ ሙዝም አንዳንድ ጊዜ ወደ ኋላ ፈንድቶ የባለቤቱን ዓይንና እጅ ይወስዳል።

«እኔ ሠራሁ እንጂ አልገደልሁም» የሚል ቢኖር የኦሪት ሕግ መልስ አለው። በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 21፣ በሬው ተዋጊ መሆኑ አስቀድሞ የተነገረው ሰው ሳይጠብቀው ቀርቶ በሬው ሰው ቢገድል፣ ባለቤቱም በሞት ይጠየቃል። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከሰገነቱ ማንም ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ዙሪያውን መከታ እንዲያደርግ ታዟል። ቤት መሥራት የተፈቀደ ነው፤ በሬ ማርባትም የተፈቀደ ነው። ሆኖም ከተፈቀደው ሥራ ለሚመጣው አደጋ እንኳ ባለቤቱ ከተጠየቀ፣ ለመግደል ብቻ የሚያገለግለውን ዕቃ ለማያውቀው ሰው፣ በስውር፣ ያለ ፈቃድ የሚሸጥ እንዴት ንጹሕ ነኝ ይላል? አዋጁም ያለ ፈቃድ መሣሪያ መሥራትን፣ መሸጥንና መጠገንን የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለንስሐ አባቶች የምንለው ይህ ነው፤ ሠሪው ሲመጣ የደም አፍሳሽ ተባባሪ መሆኑን በፍቅር ይንገሩት፤ ንስሐውም እንባ ብቻ ሳይሆን መዶሻውን ወደ ማረሻ መመለስ ይሁን። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 2 ሰይፍ ማረሻ፣ ጦርም ማጭድ የሚሆንበትን ዘመን የተነበየው በብረት ሠሪ እጅ እንጂ ያለ እርሱ አይፈጸምም።

ሕግ ብቻውን ሁሉን ያደርጋል ማለታችን ግን አይደለም። የጦር መሣሪያ ሕጓ እጅግ ጥብቅ በሆነው በጃፓን፣ ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ በአደባባይ ሲናገሩ በእጅ በተሠራ መሣሪያ ተገድለዋል። ሕግ የብረቱን በር ይዘጋል፤ የልብን በር የሚዘጋ ግን የእግዚአብሔር ቃል ነው።

4. መሣሪያ ንግግር ነውን?

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. አንድ የሕግ ተማሪ ከፕላስቲክ የሚታተም ሽጉጥ ሠርቶ ንድፉን በኢንተርኔት ለዓለም ሁሉ በተነው። መንግሥት ንድፉን እንዲያነሣ ባዘዘው ጊዜ፣ ተማሪውና ወገኖቹ ንድፍ ንግግር ነው፤ ንግግርም በሕገ መንግሥት ነፃ ነው ብለው በፍርድ ቤት ተሟገቱ። ክርክሩ ብዙ ዓመት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየቤቱ ተገጣጥመው የሚሠሩ፣ ቍጥር የሌላቸውን መሣሪያዎች መንግሥት ሊቆጣጠር እንደሚችል ወስኗል።

ነገሩ ከእኛ የራቀ ይመስላል፤ ግን ጥያቄው የቀረበ ነው። የእኛ ሰው የጠመንጃ ንድፍ አይበትንም፤ ጠመንጃውን የሚያስተኩሰውን ቃል ግን ይበትናል። ወደ ቱባልቃይን ቤት እንመለስ። አባቱ ላሜሕ ማን ነበር? በዚያው በምዕራፍ 4 በሚስቶቹ በዓዳና በሴላ ፊት ስለ ቁስሉ ሰው መግደሉን እያወራ የፎከረ፣ በቀሉም ሰባ ሰባት እጥፍ እንደሚሆን የተመካ ሰው ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያው ፉከራ ይህ ነው። ልጁ ብረቱን ሠራ፤ አባቱ ፉከራውን ተናገረ፤ ሁለቱ በአንድ ቤት ተገኙ። ጌታችን ግን ጴጥሮስ ስለ ይቅርታ በጠየቀው ጊዜ ሰባ ጊዜ ሰባት ብሎ የላሜሕን ቍጥር ወደ ምሕረት መለሰው።

ፉከራና ቀረርቶ የአገር ጌጥ ናቸው፤ በባዕድ ወራሪ ፊት አባቶቻችንን አጽንተዋል። በለቅሶ ቤት የሟችን ልጅ ስሙን እየጠሩ «የአባትህ ደም አልደረቀም» እያሉ ሲያስፎክሩት ግን ያ ልጅ ከላሜሕ ቤት ገብቷል። በሠርግ የተተኰሰች ጥይት አንድ ሰው ትገድላለች፤ በለቅሶ የተነገረች ቃል ሁለት ቤተ ሰብ ታጠፋለች። ዛሬ ደግሞ ያች ቃል በስልክ ተቀርጻ በአንድ ሌሊት ከቡሬ እስከ ባሕር ማዶ ትደርሳለች፤ በሩቅ አገር በሰላም የተቀመጠ ሰውም «ግደል» ብሎ ጽፎ ይተኛል፤ የሚሞተው ግን የገበሬ ልጅ ነው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 28 በሰይፍ ስለት ብዙዎች ቢወድቁም በአንደበት የወደቁት እንደሚበልጡ ያስተምረናል።

5. የማይታሰር ቃል

እንዲህ ስንል ግን ቃል ሁሉ ይታሰር ማለታችን እንዳይመስል እንጠነቀቃለን። እግዚአብሔር ለነገሥታት ተግሣጽ የላከው በሰው አንደበት ነው። ነቢዩ ናታን ዳዊትን በምሳሌ ገሠጸው፤ ንጉሡም አላሰረውም፤ ንስሐ ገባ እንጂ። ሳሚ የጌራ ልጅ ዳዊትን በአደባባይ ሲረግመው አቢሳ አንገቱን ልቍረጥ ቢል ንጉሡ ከለከለው። ኢዮአቄም ግን በትንቢተ ኤርምያስ በምዕራፍ 36 እንደ ተጻፈ፣ የነቢዩን ክርታስ በቢላዋ እየቀደደ በእሳት አቃጠለው፤ ባሮክም ያንኑ ቃል ደግሞ ጻፈው፤ ሌላም ተጨመረበት። ክርታስን ማቃጠል ቃሉን አያጠፋውም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ከመንበሩ ተሰድዶ በስደት ዐረፈ፤ ትምህርቱ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል።

የጎጃም ሊቃውንትም ይህን ያውቃሉ። በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ጉባኤያት የተማረ ካህን በሰሙ ንጉሡን እያመሰገነ በወርቁ ሲገሥጽ፣ ሰሚውም እያስተዋለ ሲታገሥ ኖሯል። ከሁሉም በላይ ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ጠመንጃ ሳይዙ፣ መስቀላቸውን ብቻ ይዘው፣ ፋሺስት አርበኞችን አውግዙ ቢላቸው እምቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደበደቡ። እርሳቸውን የገደሉት ጠመንጃዎች ዛሬ የት እንዳሉ የሚጠይቅ የለም፤ ቃላቸው ግን ሕያው ነው። እንግዲህ ለመንጋው ሲል የሚናገርና ሞቱን በራሱ ላይ የሚቀበል አንደበት አለ፤ ሞትን በሌላው ላይ የሚልክ አንደበትም አለ። ነፃነት የሚገባው ለመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው ግን በነፃነት ስም የተሸፈነ ሰይፍ ነው። መለያው ይህ ነው፤ ተናጋሪው የሚከፍለውን ዋጋ ራሱ ይከፍላልን ወይስ ሌላውን ያስከፍላል?

6. ሕግ ከማን ምን ይጠብቃል?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን አውጇል። አዋጅ ቁጥር 1185 ደግሞ የጥላቻ ንግግርን ሲከለክል የሃይማኖት ትምህርት አካል የሆነውን ንግግር ከዚያ ለይቶታል። ይህ ለእኛ ለመምህራን መብት ብቻ ሳይሆን ሸክም ነው። የምድር ዳኛ የማይጠይቀንን ቃል የሰማይ ዳኛ አብዝቶ ይጠይቀናል። በዐውደ ምሕረት ቆሞ አንድን ሕዝብ በዘሩ የሚሰድብ ሰባኪ ከአዋጁ ቢያመልጥ ከሲራክ አያመልጥም።

ገዥዎችም ሊሰሙት የሚገባ ቃል አለ። የ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በጎጃም ዓመፅን እንዳስነሣ የሚያስታውስ፣ ሳያስረዱና ሳያሳምኑ መወሰን ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ሲወሰን «መሣሪያችን ቢወሰድ ማን ይጠብቀናል?» የሚለው ጥያቄ ተነሣ፤ መልሱም በቃል ከመሰጠቱ በፊት በጥይት ሆነ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን በፍኖተ ሰላም ከተማ ከሰማይ ወረደ በተባለው ጥቃት 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ሰዎች ለዜና አውታሮች ነገሩ። ስሟ የሰላም ጎዳና የሆነች ከተማ የደም ጎዳና ሆነች። ከገበሬው እጅ መሣሪያ የሚወስድ መንግሥት በገበሬው ራስ ላይ ጥበቃ ሊዘረጋ ይገባዋል፤ አለዚያ ሕጉ ከፍልስጥኤማውያን ሕግ በምን ይለያል? መሣሪያ የታጠቀውም ወገን ለሕዝብ እታገላለሁ ካለ፣ ገበሬው ሳይፈራ እንዲናገረው ይፍቀድ፤ በጠመንጃ ፊት የተሰጠ ስምምነት ስምምነት አይደለምና።

7. ከእኛ የሚጠበቀው

ይህን ሁሉ ተናግረን በየደብራችን የምናደርገው ከሌለ ቃላችን ነፋስ ይሆናል። ስለዚህ፦

አንደኛ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር የመሣሪያ ማሳያ አይሁን። በጥምቀትም ሆነ በንግሥ ታቦት ፊት የሚቀርበው ምስጋና እንጂ ተኩስ አይደለም። ካህን ደግሞ ከመስቀሉ በቀር ሌላ አይታጠቅ።

ሁለተኛ፣ በለቅሶ ቤት ደም የሚያስመልስ ፉከራ ሲጀመር ካህኑ ፈጥኖ ፍትሐት ያድርስ፤ የሟችንም ልጅ በመስቀል ይያዘው። ደም ለማድረቅ ከሽማግሌዎች ጋር ቀድሞ መሄድ በኋላ ከማልቀስ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ብረት ሠሪውን ወደ ማዕዳችንና ወደ ማኅበራችን እናቅርብ። ማረሻውን በተገቢው ዋጋ እንግዛው። የተከበረ እጅ ስውር ሥራ አይፈልግም።

አራተኛ፣ ምእመናን መሣሪያን በሚመለከት ሕጉ የሚያዝዘውን መንገድ እንዲከተሉ እንምከር፤ ባለ ሥልጣን ሲበድልም በደሉን በስሙ ጠርተን፣ ያለ ስድብና ያለ ፍርሃት እንናገር። በትንቢተ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 33 እንደ ተነገረው፣ ሰይፍ ሲመጣ አይቶ ቀንደ መለከት ያልነፋ ጕበኛ የሚሞተውን ሰው ደም ከእጁ ይፈልጉበታል። ቀንደ መለከቱን ለማስፈራሪያ የነፋም እንዲሁ ነው።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ጴጥሮስ በጌቴሴማኒ ሰይፍ መዝዞ የማልኮስን ጆሮ በቈረጠ ጊዜ ጌታችን ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ አዘዘው፤ የተቈረጠውንም ጆሮ ፈወሰ። ጆሮ ለምን ተቈረጠ? ሰይፍ ሲናገር የሚሰማ ጆሮ ስለማይቀር ነው። ክርስቶስ ሰይፉን ያስመለሰው ሰው ለመዳን ቃሉን እንዲሰማ ነው። እኛም ዛሬ አንዱ የሌላውን ቃል እንዲሰማ ሰይፋችንን ወደ ሰገባው፣ ፉከራችንን ወደ ምስጋና እንመልስ። ለምዕራብ ጎጃም ምድርና ለመላዋ ኢትዮጵያ ማረሻ የሚበዛበትን፣ አንደበትም ለእውነትና ለምሕረት የሚከፈትበትን ዘመን እግዚአብሔር ያምጣልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።